«ማን ሞተ?»

እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር የመጡት። እሑድ ከሰዓት ነው፣ 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ። ድንኳኑ በር ላይ ጫማቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ፣ ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ ገቡና የመጀመሪያው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ዝም። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ሲባጎው ላይ ወረቀት እየቆነጠጥኩ ነበር። ሦስት የልብስ መቆንጠጫ በጥርሴ ነክሼ ስለነበር ሰላም ለማለት እንኳ አልተመቸኝም።

ትንሽ ቆይተው አጠገባቸው ወደነበረችው የአርክቴክቸር ተማሪ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማን ሞተ ልጄ?» አሏት።

«ማንም አልሞተም እማማ። ኤግዚቢሽን ነው።»

«ባዛር?»

«አይ፣ አይሸጥም። ሰው እንዲያየው ነው።»

እማማ ዙሪያውን አዩ። የብረት በር ሥዕል፣ የባጃጅ ወንበር ልብስ፣ የቀርከሃ ወንበር፣ በእጅ የተጻፈ ታፔላ። «ካልተሸጠ ታዲያ» አሉ፣ «ለምን ከቤቱ አወጣችሁት?»

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። እኔ መቆንጠጫ ነክሻለሁና ከመልስ ዳንኩ። እውነቱን ለመናገር እስካሁንም አጥጋቢ መልስ የለኝም። እዚያ ድንኳን ውስጥ እንዴት እንደደረስን ግን ማውራት እችላለሁ።

እኔ የምሠራው ሀዋሳ፣ አንድ ማስታወቂያ ቤት ውስጥ ነው። የሰርግ ጥሪ፣ የምረቃ ባነር፣ የክሊኒክ ታፔላ፣ የጁስ ቤት ሜኑ። ደንበኛ ጀርባዬ ቆሞ «ስልክ ቁጥሩን ተለቅ፣ ጽሑፉን ወፈር» ሲለኝ ይውላል። ማታ ማታ ለራሴ የምሠራቸው ፖስተሮች ነበሩኝ፤ እንደ እኔው ማታ ማታ የሚሠሩ አምስት ስድስት ጓደኞችም ነበሩኝ። ከሦስት ዓመት በፊት «ለምን አናሳይም?» ተባባልን። ሀዋሳ ውስጥ «የት እናሳይ?» ለሚል ሰው መልሱ የታወቀ ነው፤ ሆቴል።

ሐይቁ ዳር ሆቴል ሞልቷል። ከአንዱ አዳራሽ ተከራየን፣ ግማሽ ቀን በ14,000 ብር። ሥራዎቹን ፎም ላይ አስለጠፍን፣ ባነር አሳተምን፣ የታሸገ ውኃ ገዛን። ሲደማመር ወደ 38,000 ብር ወጣ። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ከግማሽ በላዩ ከእኔ ኪስ ነው የወጣው። የእንግዳ መዝገቡ ላይ 31 ሰው ፈርሟል። 26ቱን በስም አውቃቸዋለሁ። ከቀሩት አምስት ሁለቱ ሻይ ሊያቀርቡ ገብተው መዝገቡን ሲያዩ የፈረሙ አስተናጋጆች ናቸው።

ከዚያ ቀን ሁሉ የሚቆጨኝ ፖስተሮቹን የጫነልኝ የባጃጅ ልጅ ነው። ጥበቃው ባጃጁን ከበር አላስገባ ስላለ፣ ልጁ ወርዶ ግማሹን ፖስተር ተሸክሞልኝ እስከ አዳራሹ በር ድረስ በእግር ሄድን። መንገዱን ሙሉ ከላይ ያለውን ፖስተር እያየ ነበር። «ይሄ ፊደል በእጅ ነው የተጻፈው ወይስ በኮምፒውተር?» አለኝ። በእጅ ጽፌ ስካን ያደረግሁት ነበር። በዚያ ቀን ከእሱ ሌላ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። በሩ ጋ ስንደርስ «ግባና እይ እንጂ» አልኩት። ወደ ነጠላ ጫማው አጎንብሶ አየና «አይ፣ ሰው አለ» ብሎ ተመለሰ።

ሰው አለ ማለቱ የተጠራ ሰው አለ ማለቱ ነው። እኛ ሀገር «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እየተባልን ነው ያደግነው። ማንም ሰው ያልተጠራበት ቤት ዘው ብሎ መግባት ያፍራል፤ ደግሞም ማፈሩ ጨዋነት ነው። እኔ ፌስቡክ ላይ «ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» ብዬ ለጥፌ ነበር። ሁላችሁም የተባለ ሰው አለ እንዴ? ለሰርግ እንኳ ካርዱ ላይ ስም ካልተጻፈ «ረስተውኝ ነው» ተብሎ ይኮረፋል።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ በኋላ ሳስበው ገባኝ። በስልካችን የምናየው የአዲስ አበባውን ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ ሥር አለው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን የከፈቱት በ1950 ዓ.ም. ነው፤ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ አዲስ ፎቶ ፌስትን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እዚያ በኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ ቆሞ ማየት የለመደ፣ ልጁንም ይዞ የሚመጣ ሰው ተፈጥሯል። እኛ 275 ኪሎ ሜትር ርቀን ቅርንጫፉን ቆርጠን መጥተን ተከልነውና ለምን አልጸደቀም ብለን ተናደድን። እርግጥ ነው ሀዋሳም የራሷ አላት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ሲከበር ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ከየወረዳው የሚመጣውን አለባበስ፣ ጌጥና የፀጉር አሠራር ያየ ሰው ከዚያ የበለጠ የዲዛይን ማሳያ አይፈልግም። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እዚያ ግን «ግቡ» የሚል የለም፤ የራሱ በዓል ነውና ሰው ይሄዳል።

ሌላው እንቅፋት ቃሉ ነው። «ዲዛይን» እዚህ ከተማ ሁለት ነገር ነው፤ ወይ የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ ነው፣ ወይ የቤት ፕላን። «ዲዛይነር ነኝ» ስል «እስቲ አንድ ቀሚስ አውጪልኝ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ባለሙያው ጋ ደግሞ ዲዛይን ማለት ደንበኛው በቴሌግራም የሚልከው ፎቶ ነው። ይህን የነገረኝ አንድ የሰፈራችን የብረት በያጅ ነው። ስለ እሱ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ የቀረው ሁሉ ከእሱ የመጣ ነውና።

የግቢያችን በር ማጠፊያ ተሰብሮ ነው ሱቁ የሄድኩት። እስኪጨርስልኝ ስጠብቅ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀሉ ሰባት ጠማማ ብረቶች አየሁ። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቆርጦ የሠራቸው ፎርማዎች ናቸው። ጠፍጣፋውን ብረት አንዱ ፎርማ ላይ ያስይዝና በክንዱ ይጠመዝዘዋል፤ ሃያ ጊዜ ቢያደርገው ሃያዎቹም እኩል ይወጣሉ። ለየፎርማው ስም አለው። «ይሄ የበግ ቀንድ። ይሄ ቀንድ አውጣ። ይሄ ጆሮ» አለኝ፣ ጆሮ ያለውን በጣቱ እየተከተለ። ጆሮው የራሱ ፈጠራ ነው። ደንበኛ የቱርክ በር ፎቶ ይዞለት ሲመጣ በእነዚህ ፎርማዎች በትክክል ያንን ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ከላይ ፎቶውን ያስመስላል፣ ከታች ጆሮውን ያስገባል። «ግማሹ ቱርክ፣ ግማሹ የኔ» ይላል። ደንበኛው አያውቅም።

በማግስቱ በሰፈራችን በእግሬ ስሄድ በሮቹን አነብ ጀመር። ጆሮ ያለበት በር የእሱ ነው። በሁለት መንገድ ውስጥ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። አንዱ የምናውቃቸው ሰዎች በር ነበር፤ ስንት ጊዜ አንኳኩቻለሁ፣ አንድ ቀን አላየሁትም።

ሁለተኛው ኤግዚቢሽን እዚያው የበያጁ ሱቅ ፊት ለፊት ነው የሆነው። ሰባቱን ፎርማዎች በልካቸው ስለን በኤ3 አሳተምን፤ አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ደግሞ የሰፈሩን ካርታ ሠርተን በሮቹ ያሉበትን በቀይ ምልክት አደረግን። የቆርቆሮው አጥር ላይ በፕላስተር ለጠፍን። በቃ። ጀበና ቡና ጨምሮ 640 ብር። ሕፃናቱ «የኛ በር የትኛው ነው?» እያሉ ይጋፋሉ። አንድ ሰውዬ የእሱ በር ካርታው ላይ ስለሌለ ተቆጡ፤ የሠራላቸው ሌላ በያጅ ነበር። ስንት ሰው እንደመጣ አልቆጠርንም፣ መንገድ ነዋ። ማታ ቤቴ ገብቼ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በ640 ብር!

በሦስተኛው ቀን ለበያጁ የምስጋና ወረቀት ይዤለት ሄድኩ። በወፍራም ወረቀት፣ በወርቃማ ጠርዝ፣ እኔው ያወጣሁት። ተቀበለኝ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ አነበበው፣ አመሰገነ፣ የመፍጫ ማሽኑ ላይ አስቀመጠው። ዓይኑ ቀልቷል። የመስኮት ብረት ለማስረከብ ሌሊቱን ሲበይድ አድሮ፣ መብራት ጠፍቶበት፣ ጠዋት ደንበኛው መጥቶ ጮኾበታል።

«እናንተ እኔን ስታዩኝ ዋላችሁ» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «እኔ ግን አልሠራሁም።»

ወደ ቤቴ እየሄድኩ አሰላሁት። በደህና ቀን እሱ ወደ 1,500 ብር ይገባለታል፣ ረዳቱ ደግሞ 500። እንግዲህ ያ ኤግዚቢሽን የወሰደው 640 ሳይሆን 2,640 ብር ነው፤ 2,000ውን የከፈለው በያጁ ነው፣ ሳንጠይቀው። የሆቴሉን ወጪ ቢያንስ እኔ አውቄ ነው የከፈልኩት። ርካሽ ነገር ስንሠራ ርካሹን የሚችለው ማን እንደሆነ አለመጠየቃችን አሳፈረኝ። የእጅ ባለሙያን «ሥራህን እናስተዋውቅልሃለን» ብሎ በነፃ ማዋል የተለመደ ነው፤ ለደመወዝተኛ ቢደረግ ጉድ ይባላል። የበያጁ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ባህል ለማሳየት ተብሎ ከገጠር የሚጠሩ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምሳ ብቻ በልተው ሲመለሱ አይቻለሁ። ፎቶ ግን ይነሳሉ።

ከዚያ በኋላ ነው እድሩ የታየኝ። የታየኝ ደግሞ በጥበብ አይደለም፤ እናቴ የወር መዋጮ አድርሺልኝ ብላ ልካኝ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ቤት ተቀምጬ ደረሰኝ እስኪጽፉልኝ ዕቃ ቤቱ በር ክፍት ነበር፤ ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ብረት ድስት፣ በቁጥር የተደረደረ ኩባያ። ሁሉም ሰው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ከፍሎ፣ ቀኑ ሲደርስ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይጨነቅ። እኛ ከአንድ ሰው ኪስ ወደ ሌላ ሰው ኪስ ስናዘዋውር የነበረውን ወጪ እነዚህ ሰዎች ድሮ ዘግተውታል።

ለሦስተኛው ኤግዚቢሽን ዘጠኝ ሆነን በወር 300 ብር ማዋጣት ጀመርን። በአምስት ወር 13,500 ብር ሆነ። ከዚህ ላይ 6,000ው ወዲያው ተቆረጠ፤ ለአራት ባለሙያዎች ለእያንዳንዳቸው 1,500፣ የቀን ገቢያቸው፣ ከዝግጅቱ በፊት በእጃቸው። አንዱ አባላችን «የመጀመሪያው ወጪ ይሄ ከሆነ ለባነር ምን ይተርፈናል?» ብሎ ተከራከረ። ባነር አላሠራንም። ኅትመቱ 2,100፣ ቡናና ፈንዲሻ ከቡና አፍይዋ ጋር 1,400፣ ጋሪና ባጃጅ 900፣ ለእድሩ ሳጥን 1,000። ቀሪው 2,100 አሁንም አለ።

የእድሩ ዳኛ ጋሼ ነገሩን ሰምተው ብዙም አልተገረሙም። እናትሽ አባል ናት፣ ድንኳኑ ያንቺም ነው አሉ። ሸራው ላይ ሚስማር እንዳይመታ፣ ሃያ አራቱ አግዳሚ ተቆጥሮ እንዲመለስ፣ ሐዘን ከመጣ እንዲነሳ፣ ደግሞም ሙዚቃ እንዳይጮኽ፣ ማዶ የታመመ ሰው አለ። እሺ አልኩ። ጨዋታው ሁሉ ሁለት ደቂቃ ፈጀ።

ፈቃዱ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀ። ደብዳቤዬ ላይ «የዲዛይን ኤግዚቢሽን» ብዬ ነበር የጻፍኩት። አንድ ቢሮ ባህል ነው ብሎ ወደ ሌላ ላከኝ፣ ሌላው ንግድ ነው ብሎ መለሰኝ፣ ሦስተኛው «ስፖንሰሩ ማን ነው?» አለኝ። ስፖንሰር የለንም ስል ፊታቸው ጠቆረ፤ ከኋላው ድርጅት የሌለው ነገር ያስጠረጥራል። መጨረሻ ላይ ርዕሱን «የእጅ ባለሙያዎች ሥራ ማሳያ» ብዬ ቀይሬ ያንኑ ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ከሰዓት ማኅተም ተመታልኝ። በዚያው «ነፃ» የሚለውንም ከወረቀታችን ላይ አወጣሁት። ነፃ ሲባል ሰው «ከኋላው ምን አለ?» ይላል፣ ልክ ነውም።

ቦታውን መጀመሪያ አሞራ ገደል ልናደርገው አስበን ነበር። ዓሣ የሚበላው ሰው ሁሉ እዚያ አለ፣ ጥላው ያምራል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም አሉ። ለሙከራ ሁለት ወረቀት ሰቅለን ቆመን ስንነጋገር ጦጣ መጥታ አንዱን ገንጥላ ዛፍ ላይ ወጣች። አንብባ ጣለችው። ሰፈራችን ተመለስን።

ጽሑፉ ላይ ብዙ ተማርን። በሁለተኛው ጊዜ ሁሉንም በአማርኛ ብቻ ነበር የጻፍነው። ቀርከሃ የሚሠራው ልጅ ለሦስተኛው ሲጋበዝ «እናቴ ከመጣች ምን ታነባለች?» አለኝ። እናቱ የምታነበው ሲዳምኛ ነው። ሀዋሳ ውስጥ እየኖርኩ ይህን ከሰው አፍ መስማት አልነበረብኝም፤ በየቀኑ በሁለቱም ቋንቋ ታፔላ የማወጣ ሰው ነኝ። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፣ ፊደሉ ሲጠብቅም ሲረዝምም ይደጋገማል። ስለዚህ በአማርኛ አንድ መስመር የሆነው እዚያ አንድ ተኩል ይሆናል። ሁለቱን እኩል ቁመት ልስጥ ስል ወረቀቱ አልበቃ አለ። ያኔ ማብራሪያውን ቆረጥነው። ማን ሠራው፣ ከምን ሠራው፣ ስንት ቀን ፈጀበት። ሦስት መስመር በአማርኛ፣ ሦስት መስመር በሲዳምኛ። እኔ የጻፍኩት ያማረ አንቀጽ ሁሉ ተጣለ፤ ማንም አልናፈቀው።

ከፍታም እንዲሁ። ጋለሪ ውስጥ የሥዕሉ መሐል ከመሬት 145 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሰቀላል፣ የቆመ ሰው ዓይን እንዲያርፍበት። ድንኳን ውስጥ የሚገባ ሰው ግን ይቀመጣል። አግዳሚ ባለበት ቆሞ የሚያይ የለም። ወደ 110 አወረድነው፤ ሕፃናቱም ደረሱበት።

ሰዓቱ እሑድ 9 ሰዓት የሆነው ቤተ ክርስቲያን የሄደውም ጸሎት ቤት የሄደውም ምሳ በልቶ የሚወጣበት ስለሆነ ነው። ችግሩ የሐይቁ ነፋስም የሚነሳው ያኔ መሆኑ ነው። ወረቀቱ ሁሉ እንደ ሸራ ተነፋ፣ ሲባጎው ተወዛወዘ። አንድ የዓሣ አስጋሪ ልጅ ቆሞ ሲስቅብን ቆየና «ከታች አክብዱት» አለ፣ «መረብ እንዲህ ነው፣ ግርጌው ላይ እርሳስ አለው።» እርሳስ የት ይገኛል። በየወረቀቱ ግርጌ መቆንጠጫ አድርገን ጠጠር በላስቲክ አንጠለጠልንበት። ሠራ።

ባለሙያዎቹ አራት ነበሩ። በያጁ፣ የቀርከሃ ሠሪው፣ አንድ የድሮ የታፔላ ጸሐፊ ጋሼ፣ ከዚያ የባጃጅ ወንበር የምታለብስ ልጅ። እሷ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ፓርኩ በ2008 ሲከፈት ከየገጠሩ ስንት ልጅ ነው የጎረፈው፤ በ2014 አሜሪካ ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ፣ ስታስወጣን ሥራ ያጡትም ብዙ ናቸው፣ እሷም አንዷ ነች። «ሦስት ዓመት ሸሚዝ ሰፍቻለሁ፣ አንድም ሸሚዝ ግን ሰፍቼ አላውቅም» አለች። በመስመሩ ላይ የእሷ ድርሻ እጅጌ ነበር። ቀኝ እጅጌ። የባጃጅ ወንበር ልብስ በሕይወቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያወጣችው የመጀመሪያ ዕቃ ነው። ስፌቷ ግን የፋብሪካ ነው፣ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለውን ነጥብ ብትቆጥሩት አይዛነፍም። ይህን ለሰው ስታሳይ በጥፍሯ እየቆጠረች ነበር፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ ከብበዋት የየራሳቸውን ስፌት ሊያዩ ወጥተው ተመለሱ።

ንግግሩን እንዴት እናድርገው የሚለው ላይ ተጨቃጭቀን ነበር። አንዱ ጓደኛችን ፔቻ ኩቻ ይሁን አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ቶኪዮ ውስጥ ሁለት አርክቴክቶች የጀመሩት ነው፤ ተናጋሪው 20 ምስል ያሳያል፣ እያንዳንዱ 20 ሰከንድ ብቻ፣ በ6 ደቂቃ ከ40 ያልቃል። አርክቴክት ማይክ ከያዘ አይለቅም ተብሎ ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን የታፔላውን ጋሼ በ20 ሰከንድ ማን ያቋርጣቸዋል? ደግሞ መብራት ጠፋ፣ ፕሮጀክተሩ ሳጥኑ ውስጥ ቀረ። ቡናው ሰዓት ያዘልን። አቦል እስኪቀዳ አንዱ ባለሙያ ያወራል፣ ቶና ላይ ሰው ይጠይቃል፣ በረካ ላይ የፈለገ ይጨቃጨቃል። የቀርከሃው ልጅ አቦሉን በሙሉ ስለ ነቀዝ አወራ፤ ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ከተቆረጠ ነቀዝ ቶሎ እንደሚገባው፣ ውኃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ እንደሚሻል። አንዲት እናት ተነስተው የራሳቸው ወንበር እንዴት ዱቄት እንደሆነ ነገሩን። የገዙት ከእሱ አልነበረም፤ እሱ ግን ይቅርታ ጠየቀ።

በያጁ አንድ ነገር ይዞ መጥቶ ነበር። ከቱቦላሬ የሠራው፣ ሁለቱም ጎኑ ላይ ጆሮ ያለበት አግዳሚ። መሐል ላይ አስቀመጥነው። ሰው ይዞረዋል፣ ይነካዋል፣ አይቀመጥበትም። የእድሩ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፣ የእሱ ባዶውን ይቆማል። በያጁ ራሱ ተከፋ። የአርክቴክቸር ተማሪዋ ከወረቀቱ ስር በማርከር «መቀመጥ ይቻላል» ብላ ጻፈችበት። ወዲያው አራት ሰው ተቀመጠ። እማማ አንደኛዋ ነበሩ።

እማማ እስከዚያ ሰዓት አልሄዱም። ቡናውን ጠጥተዋል፣ ነቀዙን ሰምተዋል። አግዳሚው ላይ ተደላድለው የጆሮውን ብረት በእጃቸው እየዳሰሱ ተማሪዋን «ይሄን እኮ በራችን ላይ በየቀኑ ነው የምይዘው» አሏት። «የማን እጅ ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።» በያጁ እዚያው አጠገባቸው ነበር። አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል፤ የሰማ እንዳይመስል።

ቶናው አልቆ በረካ ሊቀዳ ሲል፣ 10 ሰዓት ተኩል አልፏል፣ የእድሩ ጸሐፊ በብስክሌት መጡ። አልገቡም። ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አንዴ ወደ ዳኛው ጋሼ፣ አንዴ ወደ እኔ አዩ። ጋሼ ተነስተው ወጡ፣ ጥቂት ተነጋገሩ፣ ተመልሰው ሲገቡ ዓይኔን ነው ያዩት። ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ አንድ አባወራ አርፈዋል። ድንኳኑ ይፈለጋል።

ማንም «ቆይ» አላለም። ሊያይ የመጣው ሰው ሁሉ ተነስቶ ማንሳት ጀመረ። የባጃጅ ሾፌሮቹ አግዳሚ ተሸከሙ፣ በያጁ ምሰሶ ነቀለ፣ እኔና ተማሪዋ ወረቀቱን በችኮላ እየነጠቅን ሳጥን ውስጥ ከተትን። ሲባጎውን ለመፍታት ጊዜ አልነበረም፤ ከነመቆንጠጫው ከሸራው ጋር ተጠቀለለ። ሃያ አራቱ አግዳሚ ጋሪ ላይ ሲጫን ጸሐፊው «አይበቃም፣ የእሳቸው ቤት ሰው ይበዛል» አሉ። በያጁ ሳይናገር የራሱን አንስቶ ከላይ ጫነው። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ መንገዱ ባዶ ሆነ፤ የፈንዲሻ ፍርፋሪና የቡናዋ ልጅ ከነጀበናዋ ብቻ ቀሩ።

እማማ ነጠላቸውን አላስተካከሉም። «እኔስ ለብሼ ነው የመጣሁት» አሉ፣ ጋሪውን ተከትለው ሄዱ።

በሠልስቱ ከእናቴ ጋር ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከላይ ሲባጎአችን እንደተወጠረ ነው፤ ጸሐፊው የተረኞችን ስም ዝርዝር በእኛ መቆንጠጫ ሰቅለውታል፣ ግርጌው ላይ ጠጠሩም አለ። የበያጁ አግዳሚ ከበሩ በስተቀኝ ነው ያለው፣ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠውበታል። ጥጉ ላይ ወረቀቱ አሁንም ተለጥፏል፤ «መቀመጥ ይቻላል»። ደነገጥኩ፣ ሐዘን ቤት ነው። ጎንበስ ብዬ ቀስ አድርጌ ልላጠው ስል በያጁ ከኋላ እጄን ያዘኝ።

«ተዪው» አለኝ በጆሮዬ። «ሰው እያነበበ ነው የሚቀመጠው።»